«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ግንቦትና ሰኔ ሲመጡ በሐዋሳ መሃል ከተማ ያሉ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤቶች ፋታ የላቸውም። ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማሳተምና ለማስጠረዝ ይጋፋሉ። ኮምፒውተር ስታክ አደረገ የሚባለውም በዚህ ጥድፊያ መሃል ነው። ወደ ጥገና ቤት ሲወሰድ ደግሞ ገና በወጉ ሳይታይ ይፈረድበታል፤ «ፎርማት ይደረግ»።

ይህን ፍርድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ፎርማት ማሽኑን ያቀለዋል፤ ባለቤቱ ሌላ ቦታ ያላስቀመጠውን ሥራ ግን ጠራርጎ ይወስዳል። ደርቆ የቀረ ኮምፒውተር ሁሉ አልሞተም። ካፕስ ሎክን ተጫኑት፤ መብራቱ በርቶ ከጠፋ ማሽኑ ይሰማል፣ የተያዘው አንድ ፕሮግራም ብቻ ሊሆን ይችላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ እምቢ ያለውን ለይቶ መዝጋት ይቻላል። እምቢ ያለው ዎርድ ከሆነ ግን ጥቂት ደቂቃ ታገሱት። ዎርድ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዘው፣ ካልተቀየረ በቀር፣ በየ10 ደቂቃው ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው አብሮ ሊጠፋ ይችላል። እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ ዲስክ የሚለው ቁጥር 100 በመቶ ላይ ቆሞ አልወርድ ካለ ዲስኩን ጠርጥሩ፤ በተለይ ላፕቶፑ ያገለገለ ሆኖ የቆየውን ሃርድ ዲስክ የያዘ ከሆነ። እየተበላሸ ያለን ዲስክ ፎርማት አያድነውም። ፋይሉን አውጥቶ በኤስኤስዲ መተካት ነው የሚያዋጣው።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የላከው የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጥሏል። አውሮፕላኖች ቀሩ፣ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ታዲያ ለባለሙያዎች የተሰጠው መመሪያ ምን ነበር? ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነስታችሁ አንዷን የተበላሸች ፋይል ሰርዙ። የባንክና የአየር መንገድ ኮምፒውተር እንዲህ በጥንቃቄ ከታከመ የተማሪው ላፕቶፕ ለምን ይናቃል?

ቫይረስ ሥር የሰደደበት፣ ዊንዶውሱ ጨርሶ የተበላሸበት ማሽን ፎርማት ሊያስፈልገው ይችላል፤ አልክድም። ከዚያ በፊት ግን ጠጋኙ «የትኛው ፋይል ይትረፍልህ?» ብሎ ይጠይቅ። ዊንዶውስ ባይነሳ እንኳ፣ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነና በቁልፍ ካልተመሰጠረ፣ ነቅሎ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት መቅዳት ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፤ ለዚያ ድካም ተገቢውን ዋጋ ያስከፍል፣ ደንበኛውም ሳያጉረመርም ይክፈል።