ሰልፍ ድምፅ አይደለም



ምርጫ በመጣ ቁጥር ሰንበቴ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ "ውጤቱ የታወቀ ነው፣ ምን አደከመኝ" ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ወጣቱ ነው፤ ስልኩ ላይ ግን ከሱ በላይ ፖለቲከኛ የለም። ሌላው "ውጡ" ስለተባለ ብቻ ይሰለፋል፤ ማንን መረጥክ ብትለው ምልክቱን እንጂ የሰውየውን ስም አይነግርህም። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ። አይደሉም። ሁለቱም ድምፃቸውን ለሌላ ሰው ትተዋል።

"ሕዝቡ በነቂስ ወጣ" የሚለው ወሬ አያታልለን። በ2002 እና በ2007 ከተመዘገበው መራጭ ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ መስጠቱ ተነገረን። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ። ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ ረክቶ ነበር? ሦስት ዓመት ሳይሞላ አገሩ በተቃውሞ ተናውጦ በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ የሕዝቡ ልብ ግን እዚያ አልነበረም።

"እንግዲያ መቅረት ይሻላላ" ትለኝ ይሆናል። አይሻልም። በ1997 የአዲስ አበባ ሰው አምኖበት ሲወጣ ከ138 የከተማው ምክር ቤት መቀመጫ 137ቱ ለቅንጅት ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው መራራ ነው፤ ሕዝቡ ያለው ግን ዛሬም የታወቀ ነው። ቤቱ የቀረ ሰው የሚካድ ቃል እንኳ የለውም።

በ2013 ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው በአጣዬና በዙሪያችን ደም ፈሷል። ፈርቶ የቀረውን አልወቅስም። የምወቅሰው ሰላም እያለ የሚተኛውን ነው።

"ምርጫ የዲን ሰው ጉዳይ አይደለም" ለሚሉ ወንድሞችም ቃል አለኝ። ብዙ ዑለማዎች ድምፅ መስጠትን ሸሃዳ፣ ማለትም ምስክርነት ነው ይላሉ። ምስክርነትን መደበቅ የተከለከለ መሆኑን ሱረቱል በቀራን የቀራ ያውቃል። በሐሰት መመስከርም ከትላልቆቹ ወንጀሎች ነው። ስለዚህ የቀረውም፣ በትእዛዝ ወይም በጥቅም የመረጠውም ራሱን ይጠይቅ። ደግሞስ በ2004 "ድምፃችን ይሰማ" ያልነው እኛ አይደለንም? የመጅሊሱ ምርጫ በመስጂድ ይሁን ብለን በ2005 ቀበሌ ውስጥ ሲደረግ የተቆጣነው እውነተኛውን ምርጫ ከይስሙላው መለየት ስለምንችል ነው። ለመጅሊሱ የተቆጣ ወጣት ለጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ምክር ቤት ዝም የሚለው ለምንድን ነው?

የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ በ2005 ተደረገ። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ፤ በ2013ም አልተካተተም። በ2005 የ17 ዓመት ልጅ የነበረ በ2013 25 ሲሞላው የቀበሌውን ምክር ቤት አንድም ቀን መርጦ አያውቅም ማለት ነው። የመንገዱ፣ የውሃው፣ የጤና ኬላው ጉዳይ መጀመሪያ የሚነሳው ግን እዚያው ነው። "ድምፄ ምን ይለውጣል" ከምትል "ይህ ምርጫ መቼ ነው" ብለህ ጠይቅ።

ሌላም የምንጠይቀው አለ። የ1997፣ የ2002 እና የ2007 ምርጫዎች የዋሉት እሑድ ነው፤ እሑድ የሰንበቴ ገበያ ነው። የ2013ቱ ሰኔ 14 ሰኞ ዋለ፤ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ነው። ከቆላ ማሽላ ጭና የምትመጣ እናት ከሸቀጧና ከድምፅ መስጫው እንድትመርጥ አትገደድ። ወይ ቀኑ ይታሰብ፣ ወይ ጣቢያው ይቅረብ።

ወንድሜ፣ እህቴ፦ 18 ዓመት ከሞላህና በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር ከኖርክ አዋጅ 1162/2011 ትመዘገብ ዘንድ ይፈቅድልሃል። ለትምህርት ወይም ለሥራ ከሰንበቴ ከሚሴ የገባህ ብትሆንም ያው ነው። ዕጩውን በስም እወቀው፤ ፊት ለፊት ጠይቀው። እናትህን ወደ ጣቢያው አድርሳት፤ ማንን እንደምትመርጥ ግን አትንገራት። ምስክርነቱ የሷ ነው።

አላህ እውነትን ከሚመሰክሩት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።