ተጠባባቂው ያመጣው ወርቅ ምርጫውን ነፃ አያወጣውም

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ታምራት ቶላ 2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ 24 ዓመት የራቀው የወንዶች ማራቶን ወርቅም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያ ቀን ደስታ መሀል አንድ ነገር ቶሎ ተረሳ። ታምራት ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከሦስቱ ተሰላፊዎች አንዱ አልነበረም። ተጠባባቂ ነበር። የገባው ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው።

ይህን ድል የምርጫው ትክክለኛነት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነው። "ተጠባባቂያችን እንኳን ዓለምን ያሸንፋል" ብሎ ደረት መንፋትም ደስ ይላል። ወርቁ ረጋ ተብሎ ሲታይ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ለዚያ ጎዳና ከሁሉም የሚመጥነው ሰው ከቡድኑ ውጭ ተቀምጦ ነበር፤ ወደ ውስጥ ያስገባውም የመራጮች ውሳኔ ሳይሆን የጓደኛው ጉዳት ነው።

የፓሪሱ ማራቶን እንደ በርሊን ወይም እንደ ቫሌንሲያ ለጥ ያለ ጎዳና አልነበረም። ወደ ቬርሳይ ወጥቶ የሚመለሰው መንገድ በድምሩ 436 ሜትር ዳገት ነበረው። ታምራት ደግሞ ከዚያ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ በድልድይና በአቀበት የተሞላውን የኒው ዮርክ ማራቶን በ2:04:58 የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸንፏል። ከዚያም በፊት፣ በ2022 እ.ኤ.አ.፣ ዩጂን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። አሯሯጭ በሌለበት፣ ለሜዳሊያ ብቻ በሚሮጥበት ውድድር ምን ማድረግ እንደሚችል የታወቀ ሰው ነበር ማለት ነው። በደረቅ ሰዓት ብቻ ከተመዘነ ግን 2:04:58 ከሌሎቹ አጠገብ ሲቀመጥ ያንሳል። ኒው ዮርክ ላይ የተሮጠ 2:04 ቫሌንሲያ ላይ ከተሮጠ 2:04 ጋር እኩል እንዳልሆነ ደግሞ ማንኛውም የጎዳና ሯጭ ያውቃል።

እዚህ ላይ መራጮቹን ሞኝ ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም። ሲሳይ ለማ ቫሌንሲያን በ2:01:48 አሸንፎ፣ ያንኑ የውድድር ዘመን ቦስተንን የደገመ አትሌት ነው። ደሬሳ ገለታ ሴቪያ ላይ 2:03:27 ሮጧል፤ ፓሪስ ላይም አምስተኛ ወጥቷል። ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል። በዚያ ሚያዝያ "ቀነኒሳ ይቅር" የሚል ደፋር መራጭ ቢገኝ ሀገር ምድሩ በጮኸበት ነበር። ቀነኒሳ ነሐሴ ላይ 39ኛ መውጣቱን አይቶ ሚያዝያ ላይ የተወሰነውን መተቸት ለማንም አያቅትም።

ስለዚህ ክርክሩ "ማን ተመረጠ" ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ፍሬ አያፈራም። ትልቁ ጥያቄ ያለው በሚያዝያና በነሐሴ መካከል ነው። በእነዚያ አራት ወራት ውስጥ ከተመረጡት አንዱ ቢታመም፣ ቢጎዳ ወይም ብቃቱ ቢወርድ ይህን የሚናገረው ማን ነው? የሚወስነውስ? ተጠባባቂው እስከዚያው ምን እየሠራ ይቆያል?

ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ የመለሰው ሲሳይ ራሱ ነው። ጉዳቱን ተናግሮ ቦታውን ለቀቀ። ታምራትም ከድሉ በኋላ ዕድሉን የሰጠው ሲሳይ መሆኑን አልደበቀም። አሁን ሌላውን መንገድ ማሰብ ነው። ሲሳይ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ፣ በማስታገሻም ይሁን በወኔ፣ መነሻው መስመር ላይ ቢቆም ኖሮስ? ሃያ ወይም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ላይ ያቋርጥ ነበር። ታምራት ውድድሩን በቴሌቪዥን ያይ ነበር። የጠፋው ወርቅ ስለመጥፋቱም የሚያውቅ አይኖርም ነበር። የ24 ዓመቱ ጥበቃ ያበቃው በአንድ ሰው ሐቀኝነት ላይ ተንጠልጥሎ ነው።

ሐቀኝነቱ ደግሞ ዋጋ አስከፍሏል። ለአንድ ማራቶን ሯጭ የኦሊምፒክ ማሊያ ክብር ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከስፖንሰር ጋር የሚኖረው ውል፣ በትልልቅ ከተሞች ማራቶን የሚያገኘው የመሳተፊያ ክፍያ፣ ሽልማቱ ሁሉ ከዚያ ማሊያ ጋር የተሳሰረ ነው። እድሜው ከሠላሳ ላለፈ አትሌት አራት ዓመት መጠበቅ ማለት ብዙውን ጊዜ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ነው። ጉዳትን የሚናገር ሁሉን የሚያጣ፣ የሚደብቅ ግን ቢያንስ የሚሳተፍ ከሆነ፣ መደበቅ ለምን እንደሚበዛ መጠየቅ አያስፈልግም።

ምርጫውን በማጣሪያ ውድድር መፍታት ይቻላል የሚሉ አሉ። ይህ ተሞክሯል። ለቶኪዮው ኦሊምፒክ ፌዴሬሽኑ ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ አደረገ። ቀነኒሳ ማጣሪያውን ተቃውሞ ከቡድኑ ውጭ ሆነ። ያለፉት ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ሳፖሮ ላይ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። በዚያ ሙቀት ብዙ የሌላ ሀገር ሯጮችም ስላቋረጡ ጥፋቱን ሁሉ በማጣሪያው ላይ መጫን አይቻልም። ነገር ግን ማጣሪያው የተደረገው ከኦሊምፒኩ ሦስት ወር ገደማ ሲቀረው ነበር። አሜሪካኖች ለፓሪስ የራሳቸውን ማጣሪያ ኦርላንዶ ላይ ያደረጉት በየካቲት መግቢያ፣ ስድስት ወር ሲቀረው ነው። ማጣሪያ የሚጠቅመው እግር ለማገገም ጊዜ ሲኖረው ነው፤ ያ ከሌለ ማጣሪያው ራሱ ጉዳት አምራች ይሆናል።

ሁሉን ለሐኪም መተውም አያዋጣም። አበበ ቢቂላ ለ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ 40 ቀን ገደማ ሲቀረው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ወረቀት ላይ ብቻ የሚወስን ሐኪም ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ወርቅ አይመጣም። ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ግን ያው ታላቅ አትሌት በጉዳት ምክንያት አቋረጠ። ወርቁ ያልጠፋው ማሞ ወልዴ እዚያው ጎዳና ላይ፣ በተሟላ ዝግጅት ስለነበረ ነው። ከሁለቱ ታሪኮች አንዱን ብቻ መርጦ መከራከር ይቻላል፤ አብረው ሲነበቡ ግን ሐኪሙም አሠልጣኙም አትሌቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ እንዳለባቸው ያሳያሉ።

ሩጫን በማይመስል ስፖርትም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በ2011 እ.ኤ.አ. ኒው ዚላንድ የራግቢ ዓለም ዋንጫን ስታስተናግድ ኮከቧ ዳን ካርተር ልምምድ ላይ ተጎዳ። ተተኪው ኮሊን ስሌድ ተከተለ። ሦስተኛው አሮን ክሩደን በፍጻሜው ጨዋታ መሀል ወጣ። የገባው አራተኛው ሰው ስቲቨን ዶናልድ ነበር። ከዋናው ስብስብ ውጭ ተደርጎ ወንዝ ዳር ዓሣ እያጠመደ ሳለ ነበር የተጠራው፤ ማሊያው እንኳን በልኩ አልነበረም። ፈረንሳይን 8 ለ 7 ያሸነፉት እሱ በመታው ቅጣት ምት ነው። ታሪኩ እንደ ተረት ይወራል። ኒው ዚላንድ ግን በዚያ ቦታ አራተኛ ሰው ሲጠራ የሚመጥን የሚገኝባት ሀገር ነበረች፤ ዶናልድም ከዚያ በፊት ለብሔራዊ ቡድኑ የተጫወተ እንጂ ከመንገድ የተለቀመ አልነበረም።

ኢትዮጵያም አራተኛ፣ አምስተኛና አሥረኛ ሰው አላት። ችግሩ አራተኛው ሰው እንዴት ይኖራል የሚለው ላይ ነው። አንድ ማራቶን ሯጭ በዓመት ሁለት ትልልቅ ውድድር ቢሮጥ ነው። ለነሐሴ የሚዘጋጅ ተጠባባቂ በመስከረምና በጥቅምት የሚካሄዱትን የበርሊንንና የቺካጎን ክፍያ አሳልፎ ይሰጣል፤ ካልተጠራ ደግሞ ባዶ እጁን ይቀራል። ስም ያለው ሯጭ ይህን ይችለው ይሆናል። ከበቆጂ ወይም ከደብረ ብርሃን ገና ብቅ ያለ፣ የመጀመሪያ ውሉን የፈረመ የ22 ዓመት ልጅ ግን አይችለውም። ማናጀሩም አይፈቅድለትም። "ወጣቶች ዕድል ይሰጣቸው" የሚለው ጩኸት እዚህ ዝርዝር ውስጥ ካልገባ ጩኸት ሆኖ ይቀራል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። መስፈርቱ ከምርጫው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጽሑፍ ይውጣ፤ ሰዓት ስንት ነጥብ፣ የጎዳናው ዓይነት ስንት፣ የሻምፒዮና ልምድ ስንት እንደሚይዝ ይታወቅ። አለበለዚያ ስሙ የቀረ አትሌት ሁሉ ምክንያቱን ከሐሜት ይፈልጋል። ሐሜቱም በዚህች ሀገር ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል፤ ወደ ብሔር፣ ወደ ክለብ፣ ወደ ማናጀር ነው። ከውድድሩ ስድስትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለተመረጡትም ለተጠባባቂውም ከፌዴሬሽኑም ከማናጀሮችም ነፃ የሆነ የሕክምና ምርመራ ይደረግ። ተጠባባቂው እንደ ተመራጭ ይከፈለው፣ አብሮም ይዘጋጅ።

ሌላም አንድ ነገር አለ፤ ከሁሉም የሚከብደው ይኸኛው ነው። ጉዳቱን በጊዜው የተናገረ አትሌት አበሉን እንዳያጣ፣ በሚቀጥለው ሻምፒዮና ምርጫም ቅድሚያ እንዲያገኝ የሚል አንቀጽ ያስፈልጋል። "ላልሮጠ ሰው ገንዘብ?" የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ይነሳ። የፓሪሱ የውጤት ዝርዝር ላይ የታምራት ስም ከላይ አለ፣ የሲሳይ ስም የትም የለም። ለ2028ቱ ሎስ አንጀለስ መስፈርት የሚያወጡ ሰዎች ከመፈረማቸው በፊት ያን ዝርዝር ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው፣ ሲሳይ የተወው ቦታ ስንት ብር እንደሚያወጣ ያስሉ።