ግፊቱ ልክ ሆኖ እይታ ሲጠፋ

«የዓይን ግፊት አለብህ» የተባለ ሰው ጠብታ ይታዘዝለታል፤ እየገዛ ይጠቀማል። አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ትክክል ነው። ግላኮማ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳ፣ አንዴ የወሰደውን እይታ የማይመልስ በሽታ ነው። ጥያቄው የሚነሳው ጠብታው በአግባቡ እየተወሰደ፣ ግፊቱም ልክ ሆኖ፣ እይታ መቀነሱን ካላቆመ ነው።

የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከሆነ ደኅና ይባላል። በዚህ ልክ እያለም ግላኮማ የሚይዘው ሰው ስላለ፣ «ግፊቱ ልክ የሆነ ግላኮማ» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። መሳሳት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች የሚገናኙት አንጎል ሥር፣ ከፒቱታሪ ዕጢ በላይ ነው። እዚያ የሚያድግ እብጠት፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ፣ ነርቩን ሲጫን ጉዳቱ ግላኮማ ሊመስል ይችላል።

ልዩነቱን የሚጠቁሙ ምልክቶች ግን አሉ። ግላኮማ በብዛት ከዳር ጀምሮ መሃሉን ለመጨረሻ ያቆያል። እብጠቱ ደግሞ በሁለቱም ዓይኖች የውጪውን ጎን ይጋርዳል፤ ሰውዬው ከጎኑ የመጣውን አያይም፣ በር ይገጨዋል። ቀይ ቀለም ይደበዝዛል፤ ነርቩ ሲታይ ይገረጣል። ራስ ምታት፣ የወር አበባ መቋረጥ፣ ሳይወልዱ ጡት ወተት ማፍሰስ ከታከለበት ደወል ነው። ዕድሜው ከ50 በታች ከሆነም እንዲሁ።

ታዲያ ሁሉም ኤምአርአይ ይነሳ? አይደለም፤ ዋጋውም ተደራሽነቱም ይታወቃል። ጣትን ከጎን እያንቀሳቀሱ «ይታይሃል?» ብሎ መፈተሽ ግን ማሽንም ገንዘብም አይጠይቅም፤ ጤና ጣቢያም ይሠራል። ትልቁ ክፍተት አሠራራችን ላይ ነው። ዓይኗን ለዓይን ሐኪም፣ ራስ ምታቷን ለሌላ፣ የወር አበባዋን ለማህፀን ሐኪም የተናገረች ሴት ሦስት ካርድ ይኖራታል፤ ሦስቱን አንድ ላይ የሚያነብ ግን የለም።

የሚያሳዝነው፣ ጫናው በጊዜ ከተነሳ እይታ ሊመለስ መቻሉ ነው። ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን የሚያመነጨው ዓይነት እብጠት እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በኪኒን ይቀንሳል።

ጠብታዎን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። ነገር ግን ግፊቱ ልክ ሆኖ እይታዎ ከቀነሰ «ዶክተር፣ ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆን?» ብለው ይጠይቁ፤ ሌላውንም ሕመምዎን አይደብቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!