«አበላሸ» ብቻውን አይበቃም፦ ስለ እንግሊዝኛ የማርከስና የማበላሸት ግሦች አጠቃቀም

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው «ኮራፕት»፣ «ዲቤዝ»፣ «አደልተሬት»፣ «ኮንታሚኔት» እና «ቪሺዬት» የሚሉትን ግሦች ሲያጠና ለሁሉም የሚይዘው ፍች ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «አበላሸ»። ፍቹ ስሕተት አይደለም፤ አምስቱም ግሦች አንድ ነገር ከነበረበት መልካም ይዞታ መውረዱን ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ነገሩ እንዴት እንደወረደና ማን እንዳወረደው የሚገልጹት በየራሳቸው መንገድ ነው። ከእነዚህ ግሦች አንዱን የሚመርጥ ጸሐፊ ጥፋተኛ አለ ወይም የለም ብሎ እየፈረደ ነው። ስለሆነም የግሦቹ ልዩነት የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

«ዲቤዝ» የተገኘው «ዝቅተኛ» የሚል ትርጉም ካለው ቃል ሲሆን በእንግሊዝኛ መነገር የጀመረው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ያ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ገንዘቧን ያረከሰችበትም ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከእ.ኤ.አ. 1544 ጀምሮ የመንግሥቱን ወጪ ለመሸፈን ሲል በሳንቲም ውስጥ የሚገባውን ብር እያስቀነሰ በመዳብ አስተካ። ቀድሞ 92.5 በመቶ ብር የነበረው ሳንቲም በልጁ በኤድዋርድ 6ኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1551፣ ወደ 25 በመቶ ወረደ። የሳንቲሙ ስምና በላዩ ያለው የንጉሥ መልክ ግን እንደነበሩ ቀሩ። ድርጊቱን የፈጸመው ሌባ ሳይሆን የገንዘቡን እውነተኛነት ሊያረጋግጥ የሚገባው አካል ነበር። ዛሬም ግሡ ለማዕረግ፣ ለቋንቋ ወይም ለሰው ክብር ሲነገር ይኸው ሐሳብ አይለየውም፤ ስሙ እንዳለ ሆኖ ዋጋው ወርዷል ማለት ነው። በአማርኛ ለዚህ የሚቀርበው «አረከሰ» ነው፤ ዕቃ ረከሰ ሲባል ዋጋው ወረደ፣ የተቀደሰ ነገር ረከሰ ሲባል ክብሩ ተነካ ማለት ነውና።

«አደልተሬት» ከዚህ ይለያል። የላቲን ሥሩ «ሌላ» ከሚለው ቃል ጋር የሚያያዝ ሲሆን፣ የግሡም ፍሬ ነገር ለጥቅም ሲባል ርካሽ ባዕድ ነገር በስውር መጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 በእንግሊዝ በብራድፎርድ ከተማ የደረሰው አደጋ ልዩነቱን ጥርት አድርጎ ያሳያል። በዚያን ጊዜ ስኳር ውድ ስለነበር ከረሜላ ሠሪዎች ጀሶን የመሰለ ርካሽ ዱቄት ይቀላቅሉበት ነበር። ለአንድ ከረሜላ ሠሪ ይህ ዱቄት ሲገዛለት የመድኃኒት መደብሩ ሠራተኛ ተሳስቶ አርሴኒክ ሰጠ። ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ታመሙ። ለፍርድ የቀረበው የመደብሩ ባለቤት ግን በነጻ ተለቀቀ። ጀሶውን ለመጨመር መታሰቡ «አደልተሬት» ነው፤ አርሴኒኩ መግባቱ ግን ማንም ያላሰበው ስሕተት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1860፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ምግብን ከባዕድ ነገር መቀላቀልን የሚከለክል ሕግ አወጣ። አማርኛ ለዚህ ግሥ አዲስ ቃል አይሻም፤ ቅቤና በርበሬን በሚመለከቱ ዜናዎች ዘወትር የሚሰማው «ባዕድ ነገር ቀላቀለ» የሚለው አነጋገር ሐሳቡን በሚገባ ይይዛል።

«ኮንታሚኔት» በአንጻሩ ከመንካት የመጣ ግሥ ነው፤ የማንንም ሐሳብ አይጠይቅም። ውሃ፣ አየር ወይም ያልታጠበ ዕቃ ሊበክል ይችላል። ስለ ወተት ጥራት የሚያጠና ተመራማሪ ወተት ላይ ውሃ ጨምሮ የሸጠውን ነጋዴ በ«ኮንታሚኔት» ቢገልጸው ነጋዴውን ነጻ ያወጣዋል። የወተት ዕቃዋ በሚገባ ሳይታጠብ የቀረባትን ገበሬ በ«አደልተሬት» ቢገልጻት ደግሞ ያልሠራችውን ጥፋት ይጭንባታል። በሁለቱም ጊዜ የቤተ ሙከራው ውጤት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተሳሳተው ፍርዱ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስተው «ኮራፕት» ነው። ሥሩ «መስበር» የሚል የላቲን ግሥ ሲሆን በቀድሞው እንግሊዝኛ የሥጋን መበስበስ ጭምር ይገልጽ ነበር። የግእዙ «ሙስና»ም እንዲሁ መጥፋትንና መበስበስን የሚያመለክት ሰፊ ቃል ነበር፤ በዘመናዊው አማርኛ ግን ወደ ጉቦና ወደ ሥልጣን ብልግና ጠበበ። እንግሊዝኛው ይህን የጠበበ ትርጉም ቢያውቅም ሰፊውን አልተወም። አንድ የጥንት ጽሑፍ «ኮራፕት» ነው ሲባል የጽሑፉ ንባብ ተዛብቷል ማለት ነው፤ የደከመ ጸሐፊ መስመር ዘልሎ ወይም ብል ብራናውን በልቶ ሊሆን ይችላል። የኮምፒውተር ፋይልም እንዲሁ ሳይሰርቅና ሳይዋሽ «ኮራፕት» ይሆናል። በዚህ አገባብ «ሙስና» የሚለውን ቃል ያስገባ ተርጓሚ በደለኛ በሌለበት በደል ይፈጥራል። ግሡ በሰው ላይ ሲነገር ግን የጠባይን ከውስጥ መለወጥ ያመለክታል። የታሪክ ሊቁ ሎርድ አክተን እ.ኤ.አ. በ1887 ስለ ሥልጣን በጻፈው ታዋቂ ደብዳቤ ግሡን የተጠቀመው በዚህ ትርጉም ነው፤ በአማርኛ የተለመደው አተረጓጎምም «ማባለግ» የሚለውን በመምረጡ ከ«ሙስና» ይልቅ ለሐሳቡ ታምኗል።

«ቪሺዬት» «እንከን» ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ሲሆን ዋነኛ መኖሪያው የሕግ ቋንቋ ነው። ማታለል የተዋዋይን ፈቃድ «ቪሺዬት» አደረገ ሲባል ወረቀቱ አልተቀደደም፣ ፊርማውም አልተፋቀም፤ የጎደለው ውሉን የሚያጸናው ነጻ ፈቃድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በመገደድ የተሰጠ ፈቃድ ውልን ለማፍረስ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ይደነግጋል። «ውሉን አበላሸ» የሚለው አተረጓጎም ግን ግዴታውን ሳይፈጽም የቀረ ተዋዋይ ያለ ያስመስላል። «በፈቃዱ ላይ እንከን አስከተለ» ቢባል ሐሳቡ ሳይጎድል ይተላለፋል።

በእርግጥ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው እነዚህን ግሦች አንዳንድ ጊዜ እንደሚያቀያይሩ በመጥቀስ መከራከር ይቻላል። ተሳቢው ቋንቋ፣ ጣዕም ወይም ሥነ ምግባር በሚሆንበት ጊዜ መቀያየሩ ብዙ ጉዳት ላያደርስ ይችላል። ሳንቲም፣ ምግብ፣ ብራናና ውል ላይ ሲደረስ ግን ልዩነቱ የክስ ልዩነት ይሆናል፤ የተማሪዎች ጥናትም በአብዛኛው የሚያተኩረው እንደነዚህ ባሉ ተጨባጭ ጉዳዮች ላይ ነው።

ስለዚህ ግሦቹ በነጠላ ፍች ሳይሆን ከተሳቢያቸው ጋር ተጣምረው ሊሰጡ ይገባል። ለእያንዳንዱ ግሥ ሦስት ጥያቄዎች በቂ ናቸው፦ የተጎዳው ምንድን ነው? ጉዳቱ የደረሰው በመጨመር፣ በመቀነስ፣ በመነካት ወይስ ከውስጥ በመለወጥ? ድርጊቱስ ታስቦበታል? አማርኛ «አረከሰ»፣ «ቀላቀለ»፣ «በከለ»፣ «አባለገ»፣ «አዛባ» እያለ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሆን መልስ ከጥንት ጀምሮ አለው። መምህሩ «አበላሸ» ከማለት ይልቅ ከእነዚህ ቢነሣ፣ ተማሪው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ማንን ጥፋተኛ እያደረገ እንደሆነ አውቆ ይጽፋል።