«ይወድቃል» የሚባለው የወተት ጥርስ

«የወተት ጥርስ ነው፤ ነገ ይወድቃል» የሚለው አባባል በብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንደ ማጽናኛ ይነገራል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። ከ20ዎቹ የወተት ጥርሶች መካከል የኋለኞቹ መንጋጋዎች እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ በአፍ ውስጥ ይቆያሉ። ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ አጎራባች ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ቋሚውም ጥርስ የሚበቅልበትን ስፍራ ያጣል።

ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሌሊቱ ጡጦ ነው። ሕፃን ሲተኛ አፉን የሚያጥበው ምራቅ ይቀንሳል። ጁስ ወይም ስኳር የገባበት ወተት እየጠባ እንቅልፍ ከወሰደው፣ ጣፋጩ በላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ዙሪያ ይቆያል። ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ከቋሚው ጥርስ ይልቅ ስስ የሆነውን የወተት ጥርስ ሽፋን ይበላዋል። የመጀመሪያው ምልክት በድድ ጠርዝ ላይ የሚታይ ነጭ መስመር እንጂ ጥቁረት አይደለም። በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት ጉዳቱን መግታት ይቻላል፤ ነገር ግን የሕፃኑን ከንፈር ገልጦ የሚያይ ወላጅ ጥቂት ነው።

«ጥርሳችን በዘር ደካማ ነው» የሚለው ሰበብም መመርመር አለበት። ዘር የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በአብዛኛው የሚተላለፈው የቤቱ ልማድ ነው። ስኳር ብርቅ በሆነበት ገጠር በመፋቂያ ያደገ አባት ጥርሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ዋሽንግተን ወይም ለንደን የተወለደው ልጁ ግን ጁስ ከማይታጣበት ፍሪጅ አጠገብ ያድጋል። የአባቱ ልምድ ለልጁ መድን አይሆነውም።

ይህ ሲባል እናትን መውቀስ ቀላሉ ስሕተት ነው። በሌሊት ተረኛነት የምትሠራ እናት ጡጦውን የምትሰጠው ሌላ እረፍት ስለሌላት ነው። በእንግሊዝ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናት ሆስፒታል ከሚገቡባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የጥርስ መበስበስ ሲሆን፣ ችግሩም በድሃ አካባቢዎች ይከፋል። ድህነትን በብሩሽ ብቻ ማሸነፍ አይቻልም።

በስምጥ ሸለቆ ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለበት ውኃ ጥርስን ሲያበልዝ ያዩ ወላጆች ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና ቢፈሩ አይገርምም። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው፤ ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል ብቻ ትበቃለች። ብሩሹንም እስከ 7 እና 8 ዓመት ድረስ መያዝ ያለበት ወላጁ ነው።

በእንግሊዝ የመንግሥት የጤና አገልግሎት ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የጥርስ ሕክምና በነፃ ይሰጣል፤ በአሜሪካም ሜዲኬይድ የልጆችን የጥርስ ሕክምና ይሸፍናል። ባለሙያዎች የመጀመሪያው ምርመራ ልጁ 1 ዓመት ሳይሞላው እንዲደረግ ይመክራሉ። ብዙ ወላጆች ግን የጥርስ ሐኪም በር የሚያንኳኩት ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ ካደረ በኋላ ነው።