ኤስ ክላስ በቪትዝ ዋጋ

ስለ ፍቅርና ስለ ኩርፊያ ስንጨዋወት ከርመን ዛሬ ስለ መኪና ላወራችሁ ነው። «አንተ ደግሞ መኪና ምን ቤት ነህ?» አትበሉኝ። የደረሰኝ ደብዳቤ ሁለቱንም የቀላቀለ ነው።

ጠያቂያችን የ28 ዓመት ወጣት ነው። ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ቀን ቆርጧል። ሰሞኑን የእቁብ ዕጣ ወጥቶለታል። እጮኛውም የበኩሏን አጠራቅማለች። በዚህ መሐል አንድ ደላላ የ2001 (እ.ኤ.አ.) ስሪት የሆነች ጥቁር መርሴዲስ ኤስ 320 ያሳየዋል። ዋጋዋ ካገለገለች ቪትዝ አይበልጥም። ልጁ በቃ እንቅልፍ አጣ! እጮኛው ግን ቪትዝ ይበቃናል፣ በዚያ ላይ ሰው ምን ይለናል ብላ ካኮረፈች ሳምንት አለፋት። ከሁለታችን ማን ነው ትክክል? ይላል ደብዳቤው።

ወንድሜ፣ እሷ ናት ትክክል። ምክንያቱ ግን የሰው አፍ አይደለም። ሰውማ ቪትዝ ብትገዛም ያወራል። ነገሩ ያለው መኪናዋ ሆድ ውስጥ ነው።

ይህች ደብልዩ 220 የሚሏት ሞዴል ከ1998 እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) የተመረተች ናት። በ2000 አካባቢ ታላቅ እህቷ ኤስ 430 አሜሪካ ውስጥ በአዲስነቷ 70 ሺህ ዶላር ገደማ ትሸጥ ነበር። ዛሬ የመኪናዋ ዋጋ ወርዷል፤ የመለዋወጫዋ ግን አብሮ አልወረደም። ደላላው የሚነግርህ የመጀመሪያውን ዋጋ ነው። ሁለተኛውን የምትሰማው ጋራዥ ከገባህ በኋላ ነው።

እስቲ ከእግሯ እንጀምር። ሌላው መኪና የሚቆመው በሞላ ነው። ይህች የምትቆመው በአየር ነው፤ «ኤርማቲክ» ይሉታል። በአራቱም ጎማ ላይ አየር የሚሞላ የላስቲክ ከረጢት አለ። አየሩን የሚነፋው አንድ ኮምፕረሰር ነው። ደህና በሆነ ጊዜ እውነትም ሌላ ዓለም ነው፤ ጉድጓዱን ትሰማዋለህ እንጂ አይነካህም። ላስቲክ ግን ላስቲክ ነው። ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፣ በቀጭኑ ማስተንፈስ ይጀምራል። ማታ ቀጥ ብላ ያቆምካት መኪና ጠዋት አንድ ትከሻዋን ጥላ ትጠብቅሃለች። ሞተሩን ስታስነሳ ቀስ ብላ ትነሳለች።

ብዙ ሰው «ትነሳ የለ እንዴ፣ ምን ቸገረኝ» ብሎ መንዳቱን የሚቀጥለው እዚህ ላይ ነው። ጉዱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ኮምፕረሰሩ የተሠራው አልፎ አልፎ እንዲነፋ ነው። አየሩ እያመለጠ እሱ ያለ ዕረፍት ሲነፋ ይግላል፣ በኋላም ይቃጠላል። የአንድ ከረጢት ወጪ የነበረው የሁለት ዕቃ ወጪ ይሆናል ማለት ነው። መኪናዋም ሆዷን አስፋልት ላይ አስጠግታ ትተኛለች፤ እንኳን የሰፈራችሁን ጉብታ ልትሻገር፣ ከግቢም አትወጣ።

ዋጋውን እየው እንግዲህ። ኦሪጅናሉ፣ አንዱ እግር ብቻ፣ ውጭ አገር 1000 ዶላር አካባቢ ነው። ሌላ አምራች የሠራው ደህናው 500 ዶላር አካባቢ ይገኛል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ባንክ አንዱን ዶላር ከ60 ብር በታች ይመነዝር ነበር። በዚያ ወር ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የ500 ዶላሩ ዕቃ ከ30 ሺህ ብር በታች የነበረው ከ50 ሺህ በላይ ሆነ። ይሄ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከል ነው። እግሯ ደግሞ አራት ነው! «ያገለገለ በርካሽ አለ» ቢሉህም አትቸኩል። ከሌላ መኪና የተፈታው ላስቲክ ካንተው ጋር እኩያ ነው።

አንዳንድ መካኒክ አየሩን አውጥተን ሞላ እንክተትልህ ይልሃል። ለዚችው መኪና ተብሎ የተሠራ ሞላና አሞርዛተር ከሆነ ነውር የለውም፤ እኔ እንዲያውም ለአዲስ አበባ መንገድ ሳይሻል አይቀርም ባይ ነኝ። ከሌላ መኪና ተቆርጦ የመጣ ከሆነ ግን ኤስ ክላስ ተቀምጠህ አይሱዙ መንዳት ነው።

ሞተሯን አላማትም። በደንብ ከተያዘ ዕድሜው ረጅም ነው። ብቻ ስድስት ሲሊንደር ስለሆነ ስድስት ካንዴላ ይበቃዋል ብለህ እንዳትሸወድ፤ የሚበላው 12 ነው። ዘይቱም ወደ 8 ሊትር ይጠጋል። በከተማ መንገድ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ15 ሊትር በላይ ቤንዚን ትጠጣለች። ሲግል ድንገት ጠፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ቢነሳ አትደንግጥ። ብዙውን ጊዜ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ሴንሰር ነው፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ይህን የማያውቅ ጋራዥ መጀመሪያ የቤንዚን ፖምፓህን፣ ቀጥሎ ኪስህን ያወርዳል።

ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነው። በመጀመሪያ ፋብሪካው ዘይቱ ዕድሜ ልክ የማይቀየር ነው ብሎ ነበር፤ ኋላ ሐሳቡን ለውጦ ይቀየር አለ። ያለፉት ባለቤቶች የትኛውን እንደሰሙ ማን ያውቃል? ካምቢዮው ላይ ሽቦ የሚገባበት አንድ የፕላስቲክ መሰኪያ አለ። ጎሚኒው ሲያረጅ ዘይቱ በሽቦው ውስጥ እየተሳበ ሽቅብ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። መሰኪያው በጥቂት ዶላር የሚገዛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አይደለም። ማርሽ ሲቀያይር መጎተት ከጀመረች «ካምቢዮው አለቀ» ለሚልህ ሰው ከመክፈልህ በፊት ይህን አስፈትሽ።

አሁን ወደ ኩርፊያው ልመለስ። እቁቡ ዕጣው ቀድሞ ነው የወጣልህ፤ ስለዚህ ገና የምትጥለው ብዙ ሳምንት ከፊትህ አለ። በዚያ ላይ የቤት ኪራይ አለ፣ የሠርግ ወጪ አለ። እጮኛህ ያጠራቀመችውም ለጎጆ ማቋቋሚያ እንጂ ለኮምፕረሰር አልነበረም። ከመግዣው ሌላ የመግዣውን እኩሌታ ሳትነካው ማስቀመጥ ካልቻልክ፣ እኔን ከጠየቅከኝ አትግዛ። ለሠርጉ ቀን ጥቁር መርሴዲስ ከፈለግህ በኪራይ ይገኛል። ማታ መልሰህ ስታስረክብ ትከሻዋን ብትጥል የአከራዩ ጉዳይ ነው። ለእጮኛህም «ሰው ምን ይለናል» የምትለውን ትተሽ ብሩን አስይኝ ብትላት ኩርፊያው ባጠረ ነበር።

አይ፣ ልቤ እምቢ አለኝ ካልክ ቢያንስ እንዲህ አድርግ። ለሻጩ ከማታ ጀምሮ መኪናዋን እንዳያንቀሳቅሳት ንገረውና ጠዋት በማለዳ ሂድ። ኮፈኑን ዳስሰው፤ ትኩስ ከሆነ አሙቆ ጠብቆሃልና ሌላ ቀን ቅጠረው። ሞተር ሳይነሳ በእያንዳንዱ ጎማና በላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ስንት ጣት እንደሚገባ ለካ፤ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ከዚያ አስነሳና ሬዲዮኑን አጥፍተህ አድምጥ። ኮምፕረሰሩ ጥቂት ነፍቶ ዝም ካለ ደህና ነው፤ እየጮኸ ከቀጠለ አየር የሚያመልጥበት አለ። ግማሽ ሰዓት ንዳት፣ እንደጋለች አጥፍተህ መልሰህ አስነሳት። ደላላው ባልመረጠው ጋራዥ ኮምፒውተር ላይ አስነብባት። መልሰህ አቁማትና ምሳህን በልተህ ስትመጣ ጣትህን እንደገና አስገባ። እጮኛህንም ይዘሃት ሂድ። ጠዋት አራት ጣት ያስገባው ጎማ ከምሳ በኋላ ስንት እንዳስገባ ጻፉልኝ።