የናፍጣው ደረሰኝ ስለ ኮርማዎቹ ምን ይላል?

አመሻሽ ላይ ከያቤሎ የተነሳ አይሱዙ ጠዋት አዳማ ካለ ማድለቢያ በር ላይ ሲቆም ሹፌሩ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ «በስንት ሰዓት ገባህ?» እና «የወደቀ አለ?»። መኪናው ስንት ሊትር እንደጠጣ የሚጠይቅ የለም። ኪራዩ በቁርጥ ስለሆነ ናፍጣው የባለ መኪናው ጣጣ ነው። ከብቶቹ ደግሞ የነጋዴው ጣጣ ናቸው። ባለ መኪናው ከብት አይመዝንም፣ ነጋዴው ነዳጅ አይቆጥርም። በሁለቱ መሃል ያለው ሹፌር የሚከፈለው በምልልስ ነው፤ ቶሎ ደርሶ ቶሎ ከተመለሰ በወር ውስጥ አንድ ሁለት ጉዞ ይጨምራል። በዚህ አሠራር ማንም ሳይሰርቅ፣ ማንም ሳያጭበረብር ገንዘብ መንገድ ላይ ይፈሳል። የሚፈሰው በሁለት በኩል ነው፤ የሚያፈሰው ግን አንድ እግር ነው።

ናፍጣ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ይህ ብዙም አያስጨንቅም ነበር። በኢትዮጵያ የነዳጅ ድጎማ በደረጃ መነሳት በጀመረበት በሐምሌ 2014 አንድ ሊትር ናፍጣ 50 ብር አይሞላም ነበር። በ2017 አጋማሽ 100 ብር አካባቢ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ገበያው ለዚህ የሰጠው መልስ በኪራይ ዋጋ መከራከር ብቻ ሆነ። አነዳዱ እንደነበረ ቀጠለ።

ከፍሬኑ እንጀምር፤ ብዙው ብክነት ያለው እዚያ ነው። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ተይዞ ቢቆም፣ ተመልሶ 60 ለመድረስ ከሊትር አንድ አሥረኛ ያህል ናፍጣ ይፈልጋል። ከ80 ቢሆን ብክነቱ ወደ አንድ አምስተኛ ሊትር ይጠጋል፤ ፍጥነቱ በሲሶ ጨምሮ ብክነቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህ የሞተር ብልሽት አይደለም። መኪናው ያጠራቀመው ጉልበት በፍሬኑ ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ሹፌሩ መልሶ በናፍጣ ይገዛዋል። ከያቤሎ አዳማ ባለው 520 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ የከተማ መግቢያ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ባጃጅ፣ አህያ፣ ኬላ አለ። እነዚህ ሹፌሩን መቶ ጊዜ ከ60 ወደ ዜሮ ቢያወርዱት 10 ሊትር ናፍጣ በፍሬን ብቻ ተቃጠለ ማለት ነው።

ጉብታውን ማንሳት የሹፌሩ ሥልጣን አይደለም። ከ300 ሜትር ርቀት አይቶት እግሩን ከነዳጅ መስጫው ማንሳት ግን የእሱ ነው። ማርሽ እንደገባ እግር ሲነሳ ሞተሩ ናፍጣ መቀበሉን ያቆማል፤ መኪናው በያዘው ጉልበት እየተንሸራተተ ይቀዘቅዛል፣ ጉብታው ጋ ሲደርስም ፍሬኑን በቀስታ መንካት ይበቃል። ሌላው ሹፌር እስከ ጉብታው ጫፍ ነዳጅ ይሰጥና እዚያ ፍሬኑ ላይ ይቆማል። ሁለቱ በጊዜ የሚለያዩት በሰከንዶች ነው።

አሁን ከጀርባ ካሶኒው ላይ ያለውን እናስብ። ከብት በመኪና ላይ ሲጓዝ ከተመቸው ቆሞ ነው። አራት እግሩን ከፍቶ፣ ጡንቻውን ወጥሮ ሚዛኑን ይጠብቃል። የሚይዘው ነገር የለም። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአየርላንድ በወይፈኖች ላይ የተደረጉ የማጓጓዝ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ እንስሳት ሚዛናቸውን የሚስቱት በአብዛኛው በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ሹፌሩ በሚያደርገው ነገር ነው፤ በድንገተኛ ፍሬን፣ በኩርባ ላይ ባለ ፍጥነት፣ በማርሽ አቀያየር። መኪናው ከመጠን በላይ ከተጠቀጠቀ ደግሞ የወደቀው መነሳት አይችልም፤ ሌሎቹ ይረግጡታል። ናፍጣውን ያባከነው ያ ፍሬን ኮርማውን ከፊተኛው ጋር ያላተመው ያው ፍሬን ነው። ለሁለቱ ጉዳት ሁለት ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ዳገቱ አለ። ያቤሎና አዳማ በከፍታ ብዙም አይራራቁም፤ ሁለቱም ከ1,600 ሜትር በላይና ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው። መሃል ላይ ግን በተለይ ከቡሌ ሆራ በይርጋጨፌ እስከ ዲላ ያለው መንገድ የሚያጣጥፍ ነው። 10 ቶን መኪና 100 ሜትር ከፍታ በወጣ ቁጥር ለመውጣቱ ብቻ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይከፍላል። ይህን ማንም አያስቀረውም። ቁልቁለቱ ግን ብድሩን የሚመልስበት ቦታ ነው፤ ሹፌሩ ከፈቀደለት። እዚህ ላይ ከረዳት ወደ ሹፌር ሲወርድ የመጣ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ነዳጅ ይቆጥባል በሚል ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት መልቀቅ። አይቆጥብም። ማርሽ ዜሮ ላይ ሲሆን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል፤ ማርሽ ገብቶ ሲወርድ ግን መንኮራኩሮቹ ሞተሩን ስለሚያዞሩት ናፍጣ አይጠይቅም። ከዚያ በላይ ደግሞ ዜሮ ማርሽ ላይ ያለ መኪና የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው፤ ፍሬን ሲግል ይከዳል። ስለ ሰውም ስለ ከብትም ሲባል ይህ ልማድ በግልጽ መከልከል ያለበት ነው።

ከባቱ እስከ ሞጆ ባለው የፍጥነት መንገድ ላይ ጉዳዩ ነፋስ ይሆናል። ነፋስ መኪናን የሚገፋበት ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር የጨመረ ሹፌር ፍጥነቱን በሩብ ብቻ አሳድጎ የነፋሱን ተቃውሞ ከግማሽ በላይ ያሳድገዋል። ጎኑ በእንጨትና በብረት ርብራብ የተሠራ፣ ላዩ ክፍት የሆነ የከብት መኪና ደግሞ ነፋስን እንደ አውቶቡስ አያሾልክም፤ እየያዘ ይጎትተዋል። ሕዝቡ ለእነዚህ መኪኖች «አልቃይዳ» የሚል ስም ያወጣላቸው ስለ ነዳጅ አስቦ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ስሙን ያመጣው ፍጥነት ግን በነዳጁም ሂሳብ ላይ አለ።

የቀሩት ነገሮች ሁሉም የሚያውቋቸው፣ ጥቂቶች የሚያደርጓቸው ናቸው። በ100 መሞላት ያለበት ጎማ በ80 ከሄደ ነዳጅ ላይ ወደ 2 በመቶ ይጨምራል፤ ጎሚስታ ጋ ጠዋት ጎማው ሳይግል ማስለካት ደቂቃዎች ነው። በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ጭሱ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ኬላ ላይ ሞተር ሳይጠፋ የሚጠበቅ አንድ ሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ይወስዳል፤ የቆመ መኪና ላይ ደግሞ አየር አይንቀሳቀስም፤ ተጠጋግተው የቆሙ ከብቶች በገዛ ሙቀታቸው ይቃጠላሉ። ስለዚህ በቀን ሐሩር መቆም ለናፍጣውም ለእንስሳውም ኪሳራ ነው።

ሂሳቡን በምሳሌ እናስላ። መኪናው እያንዳንዳቸው 280 ኪሎ የሚመዝኑ 16 ኮርማዎች ጭኗል፤ በድምሩ 4,480 ኪሎ። አንዱ ሹፌር በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ለ520 ኪሎ ሜትር 130 ሊትር ያስፈልገዋል። ረጋ ያለው በሊትር 4.6 ይሄዳል፤ 113 ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ 17 ሊትር ነው፤ ሊትሩ በ100 ብር ቢያዝ 1,700 ብር። ይህን ያህል ልዩነት በአንድ ዓይነት መኪና ላይ በአነዳድ ብቻ ሊመጣ የሚችል ነው። ለባለ መኪናው በዓመት ሲደመር ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ለነጋዴው ግን «የእኔ ጉዳይ አይደለም» ሊያስብል ይችላል።

አሁን ሚዛኑን እንመልከት። ከብት በጉዞ ላይ ከ3 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ክብደቱን ሊያጣ እንደሚችል በሙያው የታወቀ ነው። መጀመሪያ የሚሄደው የሆድ ዕቃው ያዘለው መኖና ውሃ ነው፤ እሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመለሳል፣ ስለዚህ እንደ ኪሳራ መቁጠሩ ማጋነን ይሆናል። ቀጥሎ የሚሄደው ግን የሰውነቱ ነው፤ ያን ለመመለስ ማድለቢያው መኖና ቀን ይከፍላል። ረጋ ያለ አነዳድ ከዚህ ከሁለተኛው ኪሳራ 1 በመቶ ብቻ ቢያስቀር 45 ኪሎ ገደማ ይተርፋል። የቁም ክብደት ኪሎው 200 ብር ተብሎ ቢሰላ 9,000 ብር ነው። የተሰበረ ቀንድ፣ ያነከሰ እግር፣ በመረገጥ የሞተ ኮርማ እዚህ ውስጥ አልገባም። በቀጥታ ወደ ቄራ ለሚሄድ ከብት ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል፤ በመንገድ የዛለ እንስሳ በጡንቻው ያለውን ስኳር ስለሚጨርስ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል።

ስለዚህ ከሁለቱ ትንሹ ሂሳብ የናፍጣው ነው። ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ የናፍጣው ሂሳብ የሚታይ ነው። ከብቱ ሌሊቱን ሙሉ እንዴት እንደተንገላታ የሚመሰክር ሰው የለም፤ ኮርማ አይናገርም፣ ረዳቱም ተኝቶ ነው የመጣው። መኪናው እንዴት እንደተነዳ በቁጥር የተጻፈበት ብቸኛ ወረቀት የነዳጅ ደረሰኙ ነው። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዓይነት መኪና፣ በተመሳሳይ ጭነት አንዱ ሹፌር ሁልጊዜ ከሌላው 15 ሊትር አብልጦ የሚያቃጥል ከሆነ፣ መኪናው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ፣ ያ ትርፍ ሊትር የት እንደገባ መገመት አይከብድም። ወይ ፍሬን ላይ ነው፣ ወይ ነፋስ ላይ። ወይም ናፍጣው ተሽጧል፤ ይህም ቢሆን መታወቁ አይጠላም።

ማወዳደሩ ግን ፍትሐዊ መሆን አለበት። ከአዳማ በአዋሽና በሚሌ አልፎ ጅቡቲ የሚወርድ መኪና ጭነቱን ይዞ ከ1,600 ሜትር ከፍታ ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል፤ ባዶውን ይወጣል። በሊትር የሚሄደው ኪሎ ሜትር ከያቤሎ መኪና ጋር አይነጻጸርም። በክረምት ጭቃ ውስጥ ገብቶ ከገበያ የጫነም አስፋልት ዳር ከጫነው ጋር አይወዳደርም። መንገድ ሲሻሻልም ቁጥሩ ይለወጣል። በኬንያ በኩል የኢሲዮሎ–ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ ሰዓታት ወርዷል። ለከብቱ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ድሮ ጎርባጣው መንገድ በግድ ያረጋጋው የነበረ ሹፌር ዛሬ የሚያረጋጋው የራሱ እግር ብቻ ነው፤ አስፋልቱ ከሰጠው ቁጠባ የተወሰነውን በፍጥነት መልሶ ያቃጥለዋል።

ይህን ሁሉ በሹፌሩ ላይ መጫን ቀላል ነው፣ ትክክል ግን አይደለም። በየግማሽ ሰዓቱ ደውሎ «የት ደረስክ?» የሚለው ነጋዴው ነው። ገዢው ጠዋት ይመጣል ብሎ የሚያስቸኩለው ደላላው ነው። ኬላ ላይ ሁለት ሰዓት የተጉላላ ሹፌር ያንን ሁለት ሰዓት የሚያካክሰው በፍጥነት ነው፤ ሌላ መንገድ አልተተወለትም። ለአረጋጉ የሚከፈለው ሰባራ ሳንቲም የለም፤ ለፍጥነቱ ግን ተጨማሪ ምልልስ ያገኛል። ሰው በተከፈለበት ይሠራል። «ቀስ ብለህ ንዳ» የሚል ምክር ውሉ ካልተለወጠ ነፋስ ነው።

ውሉ ሲለወጥም ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንዳንድ ባለ መኪኖች የጀመሩት መንገድ ለጉዞው የተቆረጠ ሊትር ሰጥቶ የተረፈውን ለሹፌሩ መተው ነው። ጅምሩ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ግን አደገኛ ነው። በሊትር ብቻ የተከፈለ ሹፌር ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ ይለቃል፣ ለውሃ መቆም ያለበት ቦታ ላይ አይቆምም። በሌላ በኩል በክብደት ብቻ መክፈልም አይሠራም፤ ከመነሳቱ በፊት ውሃ ያልጠጣ ከብት መንገድ ላይ የሚያጣው ትንሽ ስለሚሆን ሚዛኑን ማታለል ይቻላል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ሹፌሩ የተረፈውን ናፍጣ ግማሽ የሚያገኘው ከብቶቹ ቆመው፣ ሳይነክሱ፣ ከተስማሙበት የክብደት ጉድለት ሳያልፉ ከወረዱ ብቻ ነው።

ይህን መጀመር የሚችለው ባለ መኪናው አይደለም፤ ሚዛን የለውም። ነጋዴውም ብቻውን አይችልም፤ ደረሰኙ በእጁ አይገባም። ማድለቢያው ግን ሚዛንም በርም አለው፤ ኪራይ ሲከፈልም አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ የሚወጣው ከእሱ ነው። ከያቤሎ ሲነሳ የተመዘነበት ወረቀት፣ የመኪናው የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሲነሳና ሲደርስ ያሳየው ቁጥር፣ የናፍጣው ደረሰኝ፣ በሩ ላይ የተመዘነው ክብደት። እነዚህን በአንድ ደብተር ላይ በሹፌሩ ስም መጻፍ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከሃያ ጉዞ በኋላ የትኛውን ሹፌር በስልክ ጠርቶ «ቀጣዩንም አንተ ጫን» ማለት እንደሚገባ ደብተሩ ያሳያል።